ዛፍ ያለበት ማሳና ዛፍ የሌለበት ማሳ
የመሬት አጠቃቀም በአፈር ጤንነት ላይ የሚያስከትለው ልዩነት በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ አፈር ለመናገር የግብርና ባለሙያ ሞልቶ ሳለ አንድ የውኃ መሐንዲስ በዚህ መድረክ ላይ መቆሙ ምናልባት ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁን ሊያስገርም ይችላል። ነገር ግን ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ሰው የሚያስገርም አይደለም። እኛ መሐንዲሶች ግድብ ስንሠራ፣ የመስኖ ቦይ ስንቀድድ፣ ለመንገድ የውኃ መውረጃ ቱቦ ስንቀብር፣ በስሌታችን ውስጥ ሳንጠራው የሚገባ አንድ እንግዳ አለ። እርሱም ከሥራችን በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የሚገኘው የገበሬው አፈር ነው። ያ አፈር ጤነኛ ከሆነ ውኃውን ጠጥቶ ቀስ እያለ ይሰጠናል። ጤናው የተጓደለ ከሆነ ግን ውኃውንም ራሱንም በአንድ ቀን ጎርፍ አድርጎ በላያችን ይለቅቀዋል።

ስለዚህ ዛሬ ላቀርብ ያሰብሁት ጉዳይ ዛፍንና ሰብልን፣ እንዲሁም ከብትን በአንድ ማሳ ላይ አስማምቶ የሚይዘው ጥምር የደን እርሻ፣ ከሌሎች የመሬት አጠቃቀሞች ጋር ሲነጻጸር፣ በአፈር ጤንነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ምን እንደሆነ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ። የንግግሬን ፍሬ ነገር ከወዲሁ ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ እርከን አፈርን ያቆመዋል እንጂ አይሠራውም። አፈርን የሚሠራው ከማሳው የተወሰደው ነገር ወደ ማሳው ሲመለስለት ነው። ዛፍም የሚመሰገነው ወይም የሚነቀፈው ዛፍ በመሆኑ ሳይሆን በዚህ ሒሳብ ነው።

1. ጤነኛ አፈር ስንል ምን ማለታችን ነው?

ገበሬው «መሬቱ ደከመ» ወይም «መሬቱ ሳሳ» ሲል ብዙ ነገር በአንድ ቃል ይጠቀልላል። እኛ ግን የምንለካውን ነገር ለይተን ማወቅ ይገባናል። አፈር ከጠጣሩ ማዕድን ሌላ በመካከሉ ባዶ ሥፍራ ያለበት ነገር ነው። በጥሩ አፈር ውስጥ ግማሽ ያህሉ መጠን ባዶ ቀዳዳ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሰፋፊው አየርን ያስተላልፋል፣ ዝናብንም ወደ ታች ያሰርጋል። ጠባቡ ደግሞ ለተክል ሥር የሚሆነውን ውኃ ይዞ ያቆያል። እነዚህ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ጥቃቅን እንክብል መሥራት አለባቸው። ማጣበቂያው ሙጫ ከየት ይመጣል ቢባል፣ ከበሰበሰ ቅጠልና ሥር፣ በአፈር ውስጥ ከሚኖሩ ሻጋታዎችና ረቂቅ ሕዋሳት፣ ከምድር ትልም ጭምር ነው።

እንግዲህ ብስባሽ በአፈር ውስጥ ሦስት ሥራ ይሠራል ለማለት ይቻላል። አንደኛ፣ ናይትሮጅንና ሌሎች ምግቦችን እንደ ጎተራ ያከማቻል። ሁለተኛ፣ ቅንጣቶችን አጣብቆ አፈሩን የዝናብ ጠብታ በቀላሉ እንዳያፈርሰው ያደርጋል። ሦስተኛ፣ ለአፈር ነፍሳት ምግብ ይሆናል። እነርሱም በፈንታቸው ቀዳዳውን ይቆፍራሉ። ብስባሽ ሲጎድል ሦስቱም አብረው ይጎድላሉ። በመሣሪያ ብንለካውም ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የካርቦኑ መጠን ይቀንሳል፣ የአፈሩ እፍግታ ይጨምራል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ መሬት የሚሰርገው ውኃ ያንሳል።

2. የመሬት አጠቃቀሞች ሲነጻጸሩ

በአገራችን ስለ አፈር መሸርሸር የተደረገው ጥናት ባዶ ግምት ላይ የቆመ አይደለም። ከ1981 ጀምሮ ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ የምርምር ፕሮግራም አማካይነት በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በኢሉባቦር ዲዚ የምርምር ጣቢያዎች ተከፍተው ዝናብ፣ ጎርፍና ደለል ለብዙ ዓመታት ተለክቷል። በዚህም ሥራ ላይ ዋነኛ ተሳታፊ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ በ1993 ባወጡት ግምት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ከአንድ ሄክታር መሬት በዓመት የሚሸረሸረው አፈር በአማካይ ከደን መሬት 1 ቶን፣ ከግጦሽ መሬት 5 ቶን፣ እንደ ቡናና እንሰት ያሉ ቋሚ ተክሎች ካሉበት መሬት 8 ቶን፣ በየዓመቱ ከሚታረሰው የሰብል መሬት ግን 42 ቶን ነው። ቀድሞ ታርሶ ዛሬ ምርት ከማይሰጠው መሬት የሚሄደው ደግሞ 70 ቶን ይደርሳል። ዓለም አቀፉ የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1986 ያጠናቀቀው የኢትዮጵያ ደጋ መሬቶች ጥናት በዓመት 1.9 ቢልዮን ቶን የሚደርስ አፈር ይሸረሸራል ሲል፣ የሁርኒ ግምት ወደ 1.5 ቢልዮን ቶን ዝቅ ይላል። የጠቅላላው አኃዝ እንዲህ ይለያይ እንጂ የታረሰው መሬት ከሁሉ የበለጠውን ድርሻ እንደሚይዝ ሁለቱም ይስማማሉ።

42 ቶን ማለት ምን ማለት ነው? የአፈሩን እፍግታ በሜትር ኩብ 1.2 ቶን ብንይዝ፣ 42 ቶን 35 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህም በአንድ ሄክታር ላይ ሲዘረጋ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ገበሬው በዓይኑ ሊያየው የሚችል አይደለም። ነገር ግን ማረሻ የሚደርስበት 15 ሳንቲ ሜትር አፈር በዚህ አካሄድ በ43 ዓመት ገደማ ያልቃል፤ ይኸውም በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ መሆኑ ነው። ተፈጥሮ በበኩሏ በአገራችን ልዩ ልዩ አካባቢዎች በዓመት በሄክታር ከ2 እስከ 22 ቶን ያህል አዲስ አፈር ትሠራለች ተብሎ ይገመታል። ስለሆነም የሰብሉ መሬት ከገቢው በላይ የሚያወጣ ቤት ነው።

አሁን ወደ ሙያችን እንመለስ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ተፋሰስ ይኑረን እንበል፤ ይኸውም 10,000 ሄክታር ነው። መሬቱ በሙሉ በየዓመቱ የሚታረስ ቢሆን በዓመት 420,000 ቶን አፈር ከቦታው ይነቃነቃል። ከዚህ ውስጥ ወደ ግድቡ የሚደርሰው አንድ አምስተኛው ብቻ ነው ብለን ብናስብ 84,000 ቶን፣ ወይም 70,000 ሜትር ኩብ ደለል በዓመት ይገባል። ለደለል የተተወው የግድቡ ሥፍራ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ቢሆን በ14 ዓመት ይሞላል። ያው ተፋሰስ በቋሚ ተክሎች የተሸፈነ ቢሆን ግን ስሌቱ በዓመት ወደ 13,300 ሜትር ኩብ ይወርዳል፤ ያው ሥፍራም 75 ዓመት ያገለግላል። ይህ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ስሌት ነው፤ እውነተኛው ተፋሰስ ሁልጊዜ ድብልቅ ነው፤ ወንዝ ከዳርቻው የሚቦረቡረውም ይጨመርበታል። ቢሆንም በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ፣ ለጎንደር ከተማ ውኃ የሚያጠራቅመውም አንገረብ በደለል ምን ያህል እንደተጎዱ ከመካከላችን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የግድቡን ዕድሜ የሚወስነው የብረቱና የሲሚንቶው ጥራት ብቻ ሳይሆን ከላይ ያለው ማሳ ጭምር ነው።

3. የሰብል መሬት ለምን ይደክማል?

የደከመው መሬት ባለቤት ሰነፍ ነው የሚል አነጋገር ከጥንት ጀምሮ ይሰማል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ጤፍ ትንንሽ ዘር ስለሆነች የለሰለሰ መሬት ትፈልጋለች። ስለዚህ ገበሬው አራትና አምስት ጊዜ ያርሳል፤ ማረሻው መሬቱን ስለማይገለብጥ አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ እያቋረጠ ይመላለሳል። ይህ ሁሉ እርሻ አፈሩን ለአየር ስለሚያጋልጠው ብስባሹ ቶሎ ይቃጠላል። እንክብሉም ይፈራርሳል። ማረሻው በማይደርስበት ጥልቀት ላይ ደግሞ ውኃና ሥር የማያሳልፍ ጠንካራ ንጣፍ ይፈጠራል። ይባስ ብሎ ማሳው ባዶ በሆነበት በክረምት መግቢያ ኃይለኛው ዝናብ ይወርዳል።

ከዚህም ሌላ ገበሬው ከማሳው የሚያወጣው እህሉን ብቻ አይደለም። ጭዱ ለከብት መኖ፣ ለቤት ግድግዳ ምርጊት ይሄዳል። የከብቱ እበት ወደ ማሳው ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ በከፊል ይቃና ነበር። ነገር ግን ማገዶ በጠፋበት ደጋ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። በምድጃው ውስጥ የሚጤሰው የሚቀጥለው ዓመት እህል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የደን መጥፋትና የአፈር መድከም የሚገናኙበት ዋናው ሥፍራ ይህ ይመስለኛል። በሙነሳና ሻሸመኔ አካባቢ፣ ደን ተመንጥሮ እስከ 53 ዓመት ድረስ በታረሱ ማሳዎች ላይ የተካሄደው ጥናትም መሬቱ በታረሰበት ዘመን ልክ ካርቦኑና ናይትሮጅኑ እየቀነሰ፣ እፍግታውም እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይቷል።

እርከን ይህን ሁሉ ያድናል ወይ? ለእርከን ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። የኮንሶ ሕዝብ ያለ መሐንዲስ ካርታ የሠራው የድንጋይ እርከን በ2011 በዓለም ቅርስ መዝገብ መግባቱ ለሙያችን ትምህርት ነው። ሆኖም እርከን የጎርፉን ፍጥነት ይገታል፣ የተንቀሳቀሰውን አፈር ያጠምዳል እንጂ፣ ከማሳው በጭድና በኩበት የወጣውን አይመልስም። በሁለት እርከኖች መካከል ያለውን ማሳ የመረመረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከላይኛው እርከን ሥር ያለው አፈር በእርሻ እየተገፋ ሲሳሳ፣ ከታችኛው እርከን ጀርባ ያለው ይወፍራል፤ ሰብሉም በዚያው ልክ ይበላለጣል። ስለዚህ የእርከን ሥራ የመጀመሪያው ምዕራፍ እንጂ የመጽሐፉ መጨረሻ አይደለም። ኮንሶዎችም ቢሆኑ እርከናቸውን ያለ ዛፍ አልተዉትም፤ ሽፈራውን ከማሽላው ጋር አዋሕደው ይተክላሉ።

4. ዛፍ በማሳ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ዛፍ በማሳ ውስጥ ሲኖር በአራት መንገድ ይሠራል። በመጀመሪያ፣ ሥሩ ሰብል ከማይደርስበት ጥልቀት ምግብ ቀድቶ በቅጠሉ አማካይነት ወደ ላይ ያመጣዋል። ሁለተኛ፣ ከባቄላና ከግራር ወገን የሆኑ ብዙ ዛፎች በሥራቸው እብጠት ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት የአየርን ናይትሮጅን ለተክል ምግብ ያደርጉታል። ሦስተኛ፣ ርጋፊው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ የዝናቡን ጠብታ ኃይል ያበርደዋል። አራተኛ፣ የሞተ ሥር በአፈር ውስጥ የሚተወው ቀዳዳ ውኃ የሚወርድበት ቧንቧ ይሆናል። ከአራቱ ሌላ አንድ ተዘዋዋሪ ጥቅም አለ፤ የዛፉ ቅርንጫፍ ማገዶ ሲሆን እበቱ ወደ ማሳ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ዛፍ ሊፈጥረው የማይችለውን ነገር ከወዲሁ ማወቅ ያስፈልጋል። ናይትሮጅን ከአየር ይገኛል፤ ፎስፎረስ ግን ከአየር አይገኝም። በአፈሩ ውስጥ ፎስፎረስ ከሌለ ዛፉ ያለውን ያዘዋውረዋል እንጂ ከባዶ አያመጣውም።

ለዚህ ሁሉ ምሳሌ የሚሆን አንድ ድንቅ ዛፍ በአገራችን አለ። እርሱም በኦሮምኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለው የግራር ዓይነት ነው። ሌሎች ዛፎች በክረምት ሲለመልሙ ገርቢ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ሁሉም ሲደርቅ እርሱ ይለመልማል። ስለዚህ ሰብሉ በሚያድግበት ወራት ፀሐይ አይከለክለውም፣ በውኃም ብዙ አይሻማውም። በበጋ ደግሞ ለከብት ጥላና መኖ ይሰጣል። በሐረርጌ ደጋ ተካሂዶ በ1986 በታተመ ጥናት፣ በገርቢ ጥላ ሥር የበቀለው የበቆሎና የማሽላ ምርት ከጥላው ውጭ ካለው በአማካይ 56 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። በደብረ ዘይት አካባቢ በመረሬ አፈር ላይ የተደረገ ምርመራም የአፈሩ ብስባሽና ናይትሮጅን ከግንዱ አጠገብ ከፍ ብሎ፣ ከግንዱ በራቀ ቁጥር እየቀነሰ እንደሚሄድ አመልክቷል። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ሕዝብ ተራራውን ከልሎ፣ እርከንና የውኃ ማቆሪያ ሠርቶ፣ በማሳው የሚበቅለውን ሞሞና ጠብቆ በማሳደጉ በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከሚሰጠው የኢኳተር ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። በዚያ ሥፍራ የድንጋዩ ሥራና የዛፉ ሥራ አልተፎካከሩም፣ ተጋገዙ እንጂ።

ሁለተኛው ምሳሌ ጌዴኦ ነው። በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ትከሻ ላይ፣ ቁልቁለቱ በሚያስፈራና ሕዝቡ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ በሚኖርበት በዚያ አገር፣ ማሳው ሦስት ፎቅ ያለው ቤት ይመስላል። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች፤ ከመካከል እንሰትና ቡና፤ ከሥር ደግሞ ጎደሬ፣ ጎመንና ሌላው ሁሉ ይበቅላል። መሬቱ በበሬ አይገለበጥም፣ ይቆፈራል እንጂ። የታረመው አረምና የእንሰቱ ቅጠል እዚያው ይረግፋል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ለውበቱ ብቻ አይደለም። በሌላ አካባቢ ዛፉ ሲመነጠር ገደል የሆነውን ዓይነት ተዳፋት በዚህ ጥበብ ለዘመናት ለም አድርጎ መያዝ እንደሚቻል ስላስመሰከረም ነው።

5. ዛፍ ሁሉ አንድ አይደለም

ከዚህ ተነሥቶ ዛፍ በብዛት ከተተከለ አፈሩ ይድናል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከመፈታት እንዳዳናት ይነገርለታል። በደከመ መሬት ላይ ይበቅላል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ለገበሬው የክፉ ቀን ገንዘብ ነው። ከአፈር ጤንነት አንጻር ግን ናይትሮጅን አይጨምርም፤ ቅጠሉ በቀላሉ አይበሰብስም፤ ከሥሩ ሣር ስለማያበቅል ቁልቁለት ላይ መሬቱ እርቃኑን ይቀራል፤ በማሳ ዳር ሲተከልም የጎረቤትን ሰብል ውኃ ይሻማል። ግንዱ በየጥቂት ዓመቱ ተቆርጦ በመኪና ሲሄድ በውስጡ ያለው ካልሲየምና ፖታሲየም አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ ባሕር ዛፍ የማገዶን ችግር በማቃለሉ ኩበትን ከእሳት ሊያድን ይችላል፤ በቆመበት መሬት ላይ ግን ከሚመልሰው የሚወስደው ይበልጣል።

በአዊ አገር በፋግታ ለኮማ ወረዳ የተስፋፋው ዲከረንስ የሚባለው ግራር ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚቆም ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ቀጥሎ በመካከሉ የሚበቅለውን ሣር ያጭዳል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ ከዚያም መሬቱን እንደገና ለጤፍ ያርሰዋል። ይህ በራሱ ፈቃድ የተጀመረ፣ የከሰሙ ማሳዎችን ያነቃቃ፣ የብዙ ቤተ ሰብ ኑሮ ያሻሻለ ሥራ ነው። ዛፉ ናይትሮጅን ይሰጣል፣ መሬቱም ከማረሻ ያርፋል። ነገር ግን አፈሩ ቀድሞውንም ኮምጣጣ በሆነበት አካባቢ ግንዱ ሁሉ በከሰል መልክ ሲወጣ ኮምጣጤውን የሚያበርዱት ማዕድናትም አብረው ይወጣሉ፤ በኖራና በአመድ ካልተተካ ሒሳቡ እንደገና ይጎድላል። ከ2020 ገደማ ወዲህ ደግሞ በዚህ ዛፍ ላይ የወረደው የዋግ በሽታ ብዙ ተክል አድርቋል። በአንድ የዛፍ ዘር ላይ የቆመ እርሻ በአንድ ምሰሶ ላይ እንደቆመ ጣራ መሆኑን እኛ መሐንዲሶች ከማንም በላይ መረዳት አለብን። የጌዴኦ ማሳ ብርታት ምሰሶው ብዙ መሆኑ ነው። በሲዳማ የእንሰትና የቡና ጓሮ በጫትና በባሕር ዛፍ ብቻ እየተተካ በሚሄድበት ሥፍራ የሚጠፋውም ይኸው ብርታት ነው።

6. ስለ መለኪያው ጥንቃቄ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ የማመሰግነውን ነገር ያለ ምርመራ እንድትቀበሉልኝ አልሻም። ዛፍ ያለበትን ማሳ ከሌለበት ጋር የሚያነጻጽር ሰው በሁለት ወጥመድ ሊያዝ ይችላል።

አንደኛው ወጥመድ የቦታ ምርጫ ነው። የጓሮ መሬት የሚጠቁረው በዛፉ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ አመድ፣ የበረቱ እበት፣ የወጥ ቤቱ ጥራጊ ሁሉ የሚጣለው እዚያ ነው። እንዲህ ሲሆን የጓሮው ብልጽግና ከሩቅ ማሳ የተወሰደ ነው፤ ተዛወረ እንጂ አልተፈጠረም። በገርቢ ጥላ ሥር የሚያርፈው ከብትም እበቱን ከሌላ ቦታ ይዞ ይመጣል። ስለሆነም ጥናቱ በዛፉ ሥር ያለውን ብቻ ሳይሆን የእርሻውን ጠቅላላ ሒሳብ ማየት አለበት።

ሁለተኛው ወጥመድ የእፍግታ ነው። የሁለት ማሳዎችን አፈር እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ብንቆፍር፣ እፍግታው 1.3 የሆነው የታረሰ መሬት በሄክታር 3,900 ቶን አፈር ሲኖረው፣ እፍግታው 1.0 የሆነው ዛፍ ያለበት መሬት 3,000 ቶን ይኖረዋል። የመጀመሪያው 1.5 በመቶ፣ ሁለተኛው 2 በመቶ ካርቦን ቢኖራቸው፣ ስሌቱ 58.5 ቶንና 60 ቶን ይመጣል። ልዩነት የለም ያሰኛል። ምክንያቱ ግን የጠጠረው መሬት በተመሳሳይ ጥልቀት ብዙ አፈር ስለ ታጨቀበት ነው። እኩል ጥልቀትን ሳይሆን እኩል ክብደትን ማነጻጸር የሚገባው ስለዚህ ነው። ይህን ስሕተት ቶሎ ሊያይ የሚችለው፣ እፍግታ የዕለት እንጀራው የሆነው መሐንዲስ ነው።

በመጨረሻም የገበሬውን ወጪ መዘንጋት አይገባም። ጤፍ ጥላ አትወድም፤ ዛፉ በቆመበት ሥፍራ ምርቷ ይቀንሳል። ዛፍ ዓመታትን ይጠይቃል፤ የእህል ዕዳ ግን የሚከፈለው ዘንድሮ ነው። መሬቱ ነገ በእጁ ስለ መቆየቱ የማይተማመን ሰውም የልጅ ልጁን ዛፍ አይተክልም።

7. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከላይ ከተባለው በመነሣት ለማኅበራችን አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የግድብ ጥናት ሲዘጋጅ የደለሉ ስሌት ከላይኛው ተፋሰስ የመሬት አጠቃቀም ጋር ይቀረብ። አሁን ባለው አጠቃቀምና ሊሻሻል በሚችለው አጠቃቀም የግድቡ ዕድሜ ስንት እንደሚሆን ሁለቱም አኃዞች ለባለቤቱ ይቅረቡለት። ከላይ የጠቀስሁት 14 ዓመትና 75 ዓመት ዓይነት ልዩነት በወረቀት ላይ ሲታይ ውሳኔ ሰጪው ዝም ብሎ አያልፈውም።

ሁለተኛ፣ የላይኛው ተፋሰስ ሥራ ግድቡ ከተመረቀ በኋላ የሚታሰብ ስጦታ ሳይሆን፣ እንደ መፍሰሻውና እንደ መሠረቱ ሁሉ የሥራው አካል ሆኖ በጀት ይያዝለት። ዛፉ እስኪያድግ ድረስ ገበሬው የሚያጣው ምርትም በዚሁ በጀት ይታሰብ። ከግድቡ በታች ያለው ተጠቃሚ ከግድቡ በላይ ላለው ሰው ዕዳ አለበት።

ሦስተኛ፣ ስኬታችንን በችግኝ ቁጥር አንለካ። በ2019 በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ሕዝቡ ያሳየው ትጋት የሚደነቅ ነው። ሆኖም የተተከለ ችግኝ የአፈር መለኪያ አይደለም። ሦስት ነገሮችን፣ ይኸውም የውኃ ስርገትን፣ እፍግታንና በእኩል ክብደት የተሰላ ካርቦንን፣ በመጀመሪያው ዓመትና ከዚያም በየአምስት ዓመቱ በዚያው ማሳ ላይ እንለካ። የስርገት መለኪያው ሁለት የብረት ቀለበት፣ ውኃና ሰዓት ነው። ከድህነታችን አቅም በላይ አይደለም።

አራተኛ፣ ዛፍ ስንመርጥ የምንጠይቀው ጥያቄ «ቶሎ ይደርሳል ወይ?» የሚል ብቻ አይሁን። «ከተቆረጠ በኋላ ለማሳው ምን ይቀርለታል?» ብለንም እንጠይቅ። ለዚህ መልስ ለማግኘት የደን ባለሙያውን፣ ከሁሉም በላይ ግን ዛፉን ከማሳው ሳያወጣ ለዘመናት የኖረውን ገበሬ ማማከር ይገባናል።

ክቡር ሊቀ መንበር፤

ታላላቆቻችን መሐንዲሶች በዚህች አገር ወንዞች ላይ የሠሩት ሥራ ለእኛ ለታናናሾቹ መመኪያ ነው። እኛም በፈንታችን የምንሠራው ሥራ ከልጆቻችን ዘመን እንዲደርስ ከፈለግን፣ ዓይናችንን ከግድቡ ግንብ አንሥተን ወደ ተራራው ማየት ይኖርብናል። በዚያ ተራራ ላይ የሚኖረው ገበሬ እበቱን ከምድጃ አድኖ ወደ ማሳው የሚመልስበት፣ ከማረሻውም ጎን ዛፉን የሚያቆምበት ዐቅም ካገኘ፣ ለግድባችን የሚያደርግልን ጥበቃ እኛ በሲሚንቶ ልናደርገው ከምንችለው ይበልጣል።